ርካሹን የበሬ ሥጋ በስሱ ቆርጦ ለስላሳ ጥብስ ማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ መደቡ ተደልድሎ ዕጣው ከወጣ በኋላ ወደየቤቱ የሚሄደው ሥጋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከጎድኑ፣ ከሻኛውና ከጉበቱ ጋር ከታፋውና ከወርቹ የተቆረጠ፣ ጮማ ያልነካውና ጅማት የሚበዛበት ቀይ ሥጋም አብሮ ይመጣል። ለጥሬና ለክትፎ የሚመረጠው በዚያው ቀን ያልቃል፤ አጥንት ያለው ለቅቅልና ለወጥ ይቀመጣል፤ የቀረው ቀይ ሥጋ ግን «ለጥብስ ይሁን» ተብሎ መጥበሻ ላይ ይወጣና ብዙውን ጊዜ መንጋጋ የሚያደክም ሆኖ ገበታ ላይ ይቀርባል። ልኳንዳ ገብቶ የኪሎውን ዋጋ አይቶ ርካሹን ያስቆረጠ ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ሥጋ ነው። ጠንካራ ሥጋ የሚለሰልሰው ወይ እሳት ላይ በጣም ጥቂት ሲቆይ ወይ በጣም ብዙ ሲቆይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሁሉ ሥጋውን የሚያደርቅና የሚያጠነክር ነው። በየቤታችን የተለመደው ጥብስ፣ ሥጋው «ውሃውን ይጨርስ» ተብሎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጥበሻ ላይ የሚቆይበት፣ በትክክል በዚያ መካከለኛ ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ጮማ ያለው ለስላሳ ብልት ይህን አያያዝ ይችለዋል፤ ርካሹ ቀይ ሥጋ ግን አይችለውም። ስለዚህ ከሥራው አብዛኛው ከእሳቱ ወደ ቢላው መዛወር አለበት፤ ሥጋው የሚለሰልሰው መክተፊያው ላይ ነው፣ መጥበሻው ላይ የሚጠበቅብን ሳናበላሽ ማውጣት ነው።

ሥጋ ለምን ይጠነክራል?

ቀይ ሥጋ በጥቅል በጥቅል የታሰሩ ረጃጅም ቀጫጭን ክሮች ስብስብ ነው። ክሮቹን አቅፎ የሚይዘው ነጭ ማሰሪያ በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሥጋው ሲሞቅ በግምት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ክሮቹ መጨበጥ ይጀምራሉ፤ ሙቀቱ ከ60 አልፎ ወደ 70 ሲቃረብ ደግሞ ኮላጅኑ ራሱ ይኮማተርና እርጥብ ጨርቅ እንደሚጠመዘዝ ሁሉ ወዙን ከክሮቹ ጨምቆ ያወጣዋል። መጥበሻው ሥር የሚጠራቀመው ያ ግራጫ ውሃ ሌላ አይደለም፣ ሥጋው ውስጥ መቅረት የነበረበት ወዝ ነው። ኮላጅኑ ቀልጦ ሥጋውን የሚያለሰልሰው እርጥበት ባለበት ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ብቻ ነው፤ ቅቅል የሚለሰልሰውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ በመሆኑ ቅቅሉ በቆላ ከሚሠራው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የመጥበሻ ሙቀት ግን ከፍታውን አይቆጥርም፤ ደጋ ላይ ጥብስ በደንብ የሚሠራ ሰው ቆላም ወርዶ እንዲሁ ይሠራዋል።

የእንስሳው ዕድሜና ሥራም የራሱ ድርሻ አለው። እንስሳው በገፋ ቁጥር ኮላጅኑ እርስ በርሱ እየተሳሰረ ይሄዳል፣ ለመቅለጥም ያስቸግራል፤ ብዙ የሚንቀሳቀስ አካል ደግሞ ማሰሪያው ይበዛል። ለዓመታት ሲያርስ የኖረ የበሬ ታፋና የወይፈን ታፋ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በመጥበሻ ላይ አንድ አይደሉም። ልኳንዳ ውስጥ ምርጫ ካለዎት ስለ ዋጋው ከመከራከርዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ዓይንም ይረዳል፦ ቀለሙ ወደ ጥቁር ያዘነበለና ስቡ ወደ ቢጫ የሄደ ሥጋ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ካለው ከብት የመጣ ነው። ቢጫው ስብ ከሚግጠው ሣርም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከጥቁረቱ ጋር አብሮ ሲታይ ግን ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ደረጃ 1፦ ብልቱን መምረጥ

ከርካሾቹ ውስጥ ለዚህ አሠራር የሚሆኑት ክራቸው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድና ወፍራም ጅማት የማያቋርጣቸው ናቸው። የታፋ ሥጋ ለጀማሪ ይመረጣል፤ ስብ የለውም፣ ነገር ግን ትልልቅና ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ስላሉት በቢላ ይታዘዛል። ፍርምባ፣ አንገትና የቅልጥም ዙሪያ ሥጋ የቱንም ያህል በስሱ ቢቆረጡ ለፈጣን ጥብስ አይሆኑም፤ እነሱን ለቅቅልና ለወጥ ይተዉአቸው።

ወርች ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ሥጋ የተደበቀው እዚያ ነውና። በሰፊው የትከሻ አጥንት ውጫዊ ገጽ ላይ ጠፍጥፎ የተኛ አንድ ጡንቻ አለ። አሜሪካ ውስጥ የኔብራስካና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የከብቱን ጡንቻዎች አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ይህኛው በልስላሴው ከጀርባ አጥንት ሥር ከሚወጣው ከለስላሳው ሙዳ ቀጥሎ የሚጠቀስ መሆኑን አሳይተዋል፤ እዚያ ዛሬ ፍላት አይረን በሚል ስም ይሸጣል። እኛ ዘንድ ከሌላው የወርች ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ዋጋ የሚመዘንበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ በመካከሉ፣ መጽሐፍ ውስጥ እንደገባ ካርቶን፣ ጠንካራ ነጭ ጅማት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ሥጋውን መክተፊያ ላይ አስተኝተው የቢላውን ጫፍ ከጅማቱ በላይ በጎን ያስገቡና ስለቱን ወደ ጅማቱ ትንሽ አዘንብለው ዓሣ ከቆዳው እንደሚለይ አድርገው ይግፈፉት፤ ከዚያ ገልብጠው በሌላው በኩል ይድገሙት። ሁለት ስስ፣ ጅማት የሌላቸው ንጹሕ ቁራጮች ይወጣሉ። ጅማቱን ለመረቅ ይጠቀሙበት። ወርች ከነአጥንቱ የሚገዙ ከሆነ ይህን ጡንቻ ሳይቆራርጥ ለብቻው እንዲያወጣልዎ ሥጋ ቆራጩን ይጠይቁት፤ አጥንቱ ላይ ያለውን ቦታ በጣት ካሳዩት ምን እንደፈለጉ ወዲያው ይገባዋል።

ደረጃ 2፦ ሥጋውን ማሳረፍ

ይህ ደረጃ ምንም ሥራ የለበትም፣ ውጤቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በአገራችን ከሁሉ በላይ የሚዘለለውም እሱ ነው። አሁን የታረደ ሥጋ ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ትኩሱን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ጡንቻው ይገተራል፤ እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜም ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ያላሉታል። ጠዋት የታረደውን ማታ የሚጠብስ ሰው ሥጋውን በክፉ ሰዓቱ እየጠበሰው ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሥጋውን ሳይቆራርጡ፣ ትልቁን ቁራጭ እንዳለ፣ በሚተነፍስ ነገር ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ያቆዩት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ከ1 ቀን በላይ ባያቆዩት ይሻላል፤ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ካልያዘ ማሳረፉ ማበላሸት ይሆናል።

ቅርጫ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ስህተት አለ። ትኩሱ ሥጋ ቤት እንደደረሰ በትናንሹ ተቆራርጦ በላስቲክ እየታሰረ በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። ጡንቻው ሳይገተር በፊት በፍጥነት የቀዘቀዘ ሥጋ ከመጠን በላይ ይኮማተራል፤ በረዶው ሲለቅቅም እንደገና ይጨበጥና ከተለመደው የባሰ ጠንካራ ይሆናል። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ለብዙ ዓመት የፋሲካን ሥጋ በዚህ መንገድ ሳኖር ቆይቻለሁ፤ ከአንድ በሬ ላይ ጎረቤቶቼ የደረሳቸው ሲለሰልስ የእኔ ለምን እንደሚደነድን የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ትልቁ ቁራጭ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 1 ቀን ይደር፣ ከዚያ በኋላ ተቆርጦ ፍሪዘር ይግባ።

ደረጃ 3፦ ማጽዳትና መቁረጥ

ቢላው የተሞረደ መሆን አለበት። የደነዘ ቢላ ሥጋውን ስለሚገፋውና ስለሚቀደው ስስ ቁራጭ አይወጣውም። 1 ኪሎ ሥጋ ይዘናል እንበል። በላዩ ያለውን ብርማ ስስ ሽፋን ከነጅማቱ ያውጡ፤ ይህ ሽፋን መጥበሻ ላይ ፈጥኖ ስለሚኮማተር ቁራጩን እንደ ጀልባ ያጎብጠዋል፣ የጎበጠ ቁራጭ ደግሞ ግማሽ ጎኑ ብቻ መጥበሻ ይነካል። ለስላሳውን ነጭ ስብ ግን አይጣሉት፤ ሌላ ቦታ ያስቀምጡት፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ሥጋው ቀዝቅዞ ጠጠር ሲል መቁረጥ ይቀላል። ፍሪዘር ውስጥ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በጣት ሲጫኑት ላዩ የሚከብድ፣ መሐሉ ግን በረዶ ያልሆነ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ክሩን ማየት ነው። ሥጋውን ብርሃን ባለበት ቦታ መክተፊያው ላይ አስተኝተው ወደ ዓይንዎ ቀረብ አድርገው ይመልከቱት። በተተከለ ማሳ ላይ ያሉ ትልሞችን የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ይታያሉ። ካልታየዎት በሁለት እጅ ይዘው ጎንበስ ያድርጉት፤ መስመሮቹ ይከፈታሉ። ቢላው እነዚህን መስመሮች የሚያቋርጥ መሆን አለበት፣ አብሯቸው የሚሄድ መሆን የለበትም። ለቋንጣ ስንዘለዝል ሥጋው ገመድ ላይ ሲሰቀል እንዳይበጠስ በክሩ ርዝመት እንሄዳለን፤ ለዚህ ጥብስ ግን የምንፈልገው ያንን ተቃራኒ ነው፤ እንዲበጠስ ነው የምንፈልገው። የአምስት ሳንቲ ሜትር ክር በጥርስ ለመበጠስ ያስቸግራል፤ ያው ክር በቢላ አምስት ሚሊ ሜትር ላይ ከተቆረጠ ግን ጥርስ የሚሠራው ሥራ አይቀረውም።

የምነግርዎትን በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ ከአንዱ ሥጋ ሁለት ቁራጭ ያውጡ፤ አንዱን በክሩ ርዝመት፣ ሌላውን ክሩን አቋርጠው ይቁረጡ። ሁለቱንም በአንድ መጥበሻ ለእኩል ጊዜ ጠብሰው በሹካ ይጫኗቸው። የመጀመሪያው በሹካው ጥርሶች መካከል እንደ ገመድ ይጎተታል፤ ሁለተኛው ግን በሹካው ጎን ይቆረጣል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ዳግመኛ ክሩን ሳያይ አይቆርጥም።

እያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ በግምት 3 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ቢሳሳ ላዩ ሳይጠበስ ውስጡ ያልቃል፤ ቢወፍር ደግሞ መሐሉ እስኪበስል ዳሩ ይደርቃል። እንደ ወትሮው በአራት ማዕዘን መክተፍ ለዚህ ሥጋ አይሆንም። የታፋ ክር በአንዱ ጡንቻና በሌላው መካከል አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ስለዚህ አስቀድመው ጡንቻዎቹን በሚለያቸው ስስ ሽፋን በኩል ይለያዩአቸው፣ ከዚያ እያንዳንዱን በራሱ አቅጣጫ ይቁረጡት። በጣም ጠንካራ ከሆነ ቁራጩን በሁለት ንጹሕ ላስቲክ መካከል አድርገው በዘነዘና ቀስ እያደረጉ ይደብድቡት፤ ዓላማው ክሩን ማላላት ነው፣ ሥጋውን መጨፍለቅ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ጨው፣ ሶዳና ፓፓያ

በቅጡ ላረፈና በቅጡ ለተቆረጠ ሥጋ ጨው ብቻውን ይበቃዋል። ለ1 ኪሎ 10 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክክ ያለ ደቃቅ ጨው ነስንሰው አሽተው ለ45 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይተዉት። ጨው መጀመሪያ ውሃ ከሥጋው ይስባል፤ ቆየት ሲል ግን ያ ጨዋማ ውሃ ተመልሶ ይገባና ክሮቹ ወዛቸውን እንዲይዙ ያግዛቸዋል። ጊዜ ከሌለዎት ልክ መጥበሻ ላይ ሊጨምሩት ሲሉ ጨው ያድርጉበት። ጨው አድርጎ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆይቶ መጥበስ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውሃው ወጥቶ ገና አልተመለሰምና።

ሥጋው ካረጀ ከብት ከሆነ ወይም ለማሳረፍ ጊዜ ካልነበረዎት ቤኪንግ ሶዳ ይረዳል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አይምታታብዎ። ለ1 ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው ሥጋውን ያሹበት፣ ለ15 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አለቅልቀው ያድርቁት። ሶዳው የሥጋውን አሲዳማነት ስለሚቀንሰው ፕሮቲኖቹ ሲሞቁ እርስ በርስ አጥብቀው አይያያዙም፤ ወዙም ውስጥ ይቀራል። መጠኑን ወይም ጊዜውን ማብዛት የሳሙና ጣዕም ያመጣል። ሶዳው ራሱ ሶዲየም ስላለው ጨውን በሲሶ ይቀንሱ።

ፓፓያ ያለው ደግሞ፣ በተለይ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፓፓያ፣ ልጣጩንና ፈሳሹን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ፓፓይን የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን ይቆራርጣል። ይሁን እንጂ ኢንዛይሙ ብዙ የሚሠራው ላይ ላዩን ስለሆነ ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ የሥጋው ገጽ ሊጥ ይሆናል፤ እኔ ከሶዳው አላስበልጠውም። ሎሚን በተመለከተ ብዙ ሰው ያለሰልሳል ብሎ ያሳድረዋል፤ ስስ ቁራጭን ሎሚ ውስጥ ማሳደር ገጹን ያጠነክረዋል እንጂ አያለሰልሰውም። ሎሚ ቦታው ገበታ ላይ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ሥጋው መጥበሻው ላይ ከመውጣቱ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፎጣ ተጠቅጥቆ መድረቅ አለበት። እርጥብ ሥጋ መጥበሻው ላይ መጀመሪያ ውሃውን ነው የሚያፈላው፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስም አይጠበስም።

ደረጃ 5፦ መጥበሻውና እሳቱ

ከባድ የብረት መጥበሻ ይምረጡ። ስስ አሉሚንየም ፈጥኖ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲያርፍበት ግን ፈጥኖ ይበርዳል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚሠራ ሰው መጥበሻውን ባዶውን ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ያሙቀው፤ የማያስይዝ ሽፋን ያለው መጥበሻ ግን ባዶውን በኃይለኛ እሳት ላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱን ለማወቅ የውሃ ጠብታ ይጣሉበት። ጠብታው ተንጣጥቶ ወዲያው ከጠፋ ገና ነው፤ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ወዲያ ወዲህ ከተንከባለለ ደርሷል። ውሃውን ጠርገው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ፤ ከሥጋው ያወጡት ነጭ ስብ ካለም አሁን ይቅለጥበት። ንጥር ቅቤ በዚህ ሰዓት አይገባም፤ በውስጡ የቀሩት የኮረሪማና የኮሰረት ደቃቆች ያርሩና ይመርራሉ። የቅቤው ተራ መጨረሻ ነው።

መስኮቱን ይክፈቱ። ጭስ ይኖራል።

ደረጃ 6፦ መጥበስ

1 ኪሎውን በአንድ ጊዜ አይጨምሩት። 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጥበሻ በአንድ ዙር 250 ግራም ይበቃል፤ ቁራጮቹ ሳይነባበሩና ሳይተፋፈጉ ይዘርጉ። እንደነኩት ቸስስ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ መሰማት አለበት። ድምፁ ከፍ ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መንተክተክ ከተለወጠ ውሃ እየወጣ ነው፣ መጥበሻው በርዷል፣ ሥጋውም መቀቀል ጀምሯል ማለት ነው፤ ወዲያውኑ ግማሹን ያውጡ።

ለ1 ደቂቃ ያህል አይንኩት። ማማሰያ ይዞ ማገላበጥ የለመደ እጅ ይህች ደቂቃ ትረዝምበታለች፣ ነገር ግን ያ ቡናማ ቅርፊትና የጥብስ ሽታ የሚመጣው ሥጋው ካልተነካ ብቻ ነው። ጠርዙ ወደ ግራጫ ሲለወጥና በላዩ ጥቂት የወዝ ጠብታ ብቅ ሲል ይገልብጡት፤ ሁለተኛው ጎን ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃዋል። ወደ ሳህን ያውጡ፣ ሳህኑን አይክደኑት፤ ክዳኑ ሥር የሚታፈነው ሙቀት ሥጋውን ማብሰሉን ይቀጥላልና። መጥበሻው እንደገና እስኪግል ጠብቀው የሚቀጥለውን ዙር ይጨምሩ። አራቱ ዙሮች በድምሩ ከ15 ደቂቃ አይበልጡም።

ስለ መብሰሉ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር። የኮሶ ትል እጭ የሚኖረው በሥጋው ክሮች መካከል ነው እንጂ ላዩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ከውጭ ቡናማ መሆኑ ስለ ውስጡ ዋስትና አይሰጥም። እጩን ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይገድለዋል፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለሙሉ የበሬ ሥጋ ቁራጭ የሚመክረው 63 ዲግሪ ደርሶ ለ3 ደቂቃ ማረፍን ነው። አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ በተጠቀሰው ጊዜ ወደዚህ ሙቀት ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ውስጡ ቀይ ሆኖ መታየት የለበትም። ከዙሩ አንድ ወፍራሙን ቁራጭ አውጥተው ከፍለው ይዩት። ጥሬ ሥጋ የነካው መክተፊያና ቢላም ሳይታጠብ ሽንኩርትና ቃርያ አይቁረጡበት።

ሥጋው ሁሉ ሲወጣ እሳቱን መካከለኛ ያድርጉት። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በወፍራሙ ሸንሽነው በዚያው መጥበሻ ላይ ለ3 ደቂቃ ያቁላሉ፤ ሥሩ ላይ የተጣበቀው ቡናማ ነገር በሽንኩርቱ እርጥበት ይለቅቃል፣ የጥብሱ ጣዕም ግማሹ እሱ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ሦስት ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጨምረው ሽታው እስኪወጣ ለግማሽ ደቂቃ ያማስሉ። ቲማቲም የሚወዱ ከሆነ አሁን ይግባና ውሃው እስኪመጠጥ ይቆይ፤ ከሥጋው ጋር አብሮ ከገባ የደከምንበትን ሁሉ ያበላሻል፣ ሥጋውን መልሶ ይቀቅለዋልና። በመጨረሻ ሥጋውን ሳህኑ ላይ ከተጠራቀመው ወዝ ጋር ይመልሱ፣ የተሰነጠቀ ቃርያ ይጨምሩ፣ ለ30 ሰከንድ አገላብጠው ያውርዱ። አዋዜ ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቅረብ።

ሸክላ ላይ ፍም አድርጎ ማቅረብ ለዓይን ያምራል፤ ጮማ ላለው ሥጋም ያምርለታል። ለዚህ ስስ ሥጋ ግን ከሥር ያለው ፍም ገበታው ላይም ማድረቁን ይቀጥላል። በሞቀ ሳህን ማቅረብ ይሻለዋል።

ከአገር ውጭ ለሚሠሩ

አሜሪካና አውሮፓ ያለ ሰው ከሱፐር ማርኬት ራውንድ የሚባለውን የታፋ ሥጋ፣ ወይም ከላይ የተነገረለትን ፍላት አይረን ቢገዛ ይህን መመሪያ እንዳለ ሊከተለው ይችላል፤ እዚያ ሥጋው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ያረፈ ስለሆነ ሁለተኛውን ደረጃ ይዝለለው። እስራኤል ውስጥ የሚሸጠው የኮሸር ሥጋ ደሙ እንዲወጣ ተብሎ ጨው ተደርጎበት የታጠበ በመሆኑ ተጨማሪውን ጨው በግማሽ መቀነስ፣ መጀመሪያም ትንሽ ቁራጭ ጠብሶ መቅመስ ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በርካሽ የሚገኘው ከሕንድ የሚመጣው የቀዘቀዘ ሥጋ በአብዛኛው የጎሽ ነው፤ ስቡ ጥቂት፣ ክሩም ወፍራም ስለሆነ ከአምስት ይልቅ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ይጠጋ፣ ሶዳውም አይቅርበት። በረዶውን በሙቅ ውሃ ማስለቀቅ ወዙን ያስፈስሰዋል፤ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ፍሪጅ አውርዶ ቀስ ብሎ እንዲለቅቅ ማድረግ ነው።

ጥብሱ ጠንክሮ ከወጣ

ሁሉም ተደርጎ ሥጋው ከጠነከረ «ትንሽ ይቆይ» ብሎ መጥበሻው ላይ መተው አይጠቅምም፤ የባሰ ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ ነው፦ ሽንኩርት በብዛት ያቁላሉ፣ ሥጋውን ከነወዙ ይጨምሩ፣ ሙቅ ውሃ እስኪሸፍነው ያድርጉበት፣ ከድነው በዝግተኛ እሳት ለ1 ሰዓት ተኩል ወይም ለ2 ሰዓት ይተዉት። ጥብስነቱ ይቀራል፣ ጥሩ ቀይ ወይም አልጫ ወጥ ግን ይወጣዋል።

የተረፈውን ጥብስ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። በማግስቱ መጥበሻ ላይ አውጥተው እንደገና ከጠበሱት እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛውን በቢላ ይበልጥ ቀጭን አድርገው ይቁረጡት፣ በርበሬና ቅቤ ያለበት ቁሌት ለብቻው ይሥሩ፣ እንጀራውን ቆራርሰው ቁሌቱን ከጠጣ በኋላ ሥጋውን መጨረሻ ላይ ጨምረው ይለውሱት፣ እንዲሞቅ ያህል 1 ደቂቃ ብቻ አቆይተው ፍርፍሩን ያውርዱት።